የስለላ ፊልሙ ከጀርባው ሲታይ፦ አሸዋው የናሚቢያ፣ ላቡ የግሊሰሪን

የደም ግፊታቸውን ለማስለካት ወደ ክሊኒካችን ከሚመላለሱ እናቶች አንዷ በቅርቡ የመጡ ዕለት ማሽኑ 178 በ96 አሳየ። መድኃኒታቸውን አላቋረጡም፤ ጨው ቀንሰዋል፤ ቡናውንም ከቶና አላሳለፉም። «እንቅልፍስ እንዴት ነው እማማ?» ብለን ስንጠይቃቸው ግን ዝም አሉ። ቆየት ብለው፣ «የልጅ ልጄ ፊልም አሳየኝ፤ የሱዳኑን» አሉን።

የቱን ፊልም ብለን መጠየቅ አላስፈለገንም። «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» የሚባለውን ነው። ከሐምሌ 2019 መጨረሻ ጀምሮ በኔትፍሊክስ ይታያል፤ ወጣቶቹም በስልካቸው ይዘውት ይዞራሉ። ሞሳድ በቀይ ባሕር ዳርቻ የመዝናኛ መንደር ከፍቶ ወገኖቻችንን በሌሊት ያወጣበትን ታሪክ መነሻ ያደረገ የስለላ ፊልም ነው። (እዚህ የምንጽፋቸው ዓመቶች ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር ናቸው።)

«ያ ሁሉ ሰው ለምን ይሮጣል?» አሉን እማማ። «እኛ አልሮጥንም። ለመሮጥ ማን አቅም ነበረው? ደግሞ ያንን አሸዋ አላውቀውም።»

ልክ ናቸው፤ አሸዋው የሱዳን አይደለም። ይህን ስንነግራቸው ፊታቸው ፈታ አለ። የዓይናቸውን ምስክርነት ፊልሙ የነጠቃቸው መስሏቸው ነበርና። በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ደመወዝ፣ ስለ ውልና ስለ ግዢ ነው። ዛሬ ግን ፊልም እንዴት እንደሚሠራ ልናወራ ነው። አንደኛ፣ ወላጆችና ሽማግሌዎች ልጆች «እንዲህ ነበር እንዴ?» ብለው ሲጠይቋችሁ የምትመልሱት እንዲኖራችሁ ነው። ሁለተኛ ደግሞ ልጆቻችሁ አንድ ቀን በዚህ ሥራ ላይ ሊገኙ ስለሚችሉ ነው። እኛ ነርሶች እንጂ የፊልም ሰዎች አይደለንም። ሆኖም ደሙ፣ ቁስሉና የተሰበረው አጥንት የእኛም ጉዳይ ስለሆነ ጠጋ ብለን አየነው።

አሸዋው የየት ነው?

ፊልሙ የተቀረጸው በ2017 በናሚቢያና በደቡብ አፍሪካ ነው። የጻፈውና ያዘጋጀው እስራኤላዊው ጊዲዮን ራፍ ነው፤ ብዙዎቻችሁ «ሐቱፊም» በሚለው ተከታታይ ፊልሙ ታውቁታላችሁ። ዋናውን ሰላይ ሆኖ የሚጫወተው ክሪስ ኤቫንስ ነው። ልጆቹ «ካፒቴን አሜሪካ» ሲሉ የሚያውቁት እሱን ነው። የሞሳዱን አለቃ የሚጫወተው ሽማግሌ ደግሞ ቤን ኪንግስሊ ነው፤ ከብዙ ዓመት በፊት ጋንዲን ሆኖ የተጫወተው። ከበደ የተባለውን የእኛን ሰው የሚጫወተው ማይክል ኬኔት ዊልያምስ የኒው ዮርክ ልጅ ነበር፤ በ2021 አርፏል።

ለምን ሱዳን ሄደው አልቀረጹም? በ2017 ሱዳንና እስራኤል ግንኙነት አልነበራቸውም። ስለ ሞሳድ ፊልም ልንሠራ ነው ብሎ ለካርቱም መንግሥት የፈቃድ ማመልከቻ የሚያስገባ ሰው አይገኝም። ግን ምክንያቱ ፖለቲካ ብቻ ነው ብለን አናስብም። ፊልም ሠሪ ቦታ የሚመርጠው ቤት እመቤት ገበያ እንደምትመርጠው ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኬፕታውን የሠለጠነ የፊልም ሠራተኛ፣ የሚከራይ መሣሪያ፣ የተደራጀ ስቱዲዮ አላት። መንግሥቱም ከውጭ መጥቶ ፊልም ለሚሠራ ድርጅት እዚያ ካወጣው ወጪ ከፊሉን ይመልስለታል። ናሚቢያ ደግሞ ባሕርና በረሃ ጎን ለጎን የሚገኙባት አገር ናት። «ማድ ማክስ፦ ፊውሪ ሮድ» የተባለው ትልቅ ፊልምም በ2012 በዚሁ በረሃ ተቀርጿል። ስለዚህ በፊልም ላይ በረሃ ስታዩ የየትኛው አገር በረሃ እንደሆነ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ የትኛው አገር ላይ ወጪው ቀለል ይላል ብላችሁ ጠይቁ።

ልዩነቱን ለማየት የሚፈልግ ሰው ፀሐይዋን ይመልከት። በሱዳን ዳርቻ ባሕሩ በምሥራቅ ስለሆነ ፀሐይ ከባሕር ትወጣለች። በናሚቢያ ባሕሩ በምዕራብ ስለሆነ ፀሐይ ወደ ባሕር ትጠልቃለች። የቀይ ባሕር ውሃ ሞቃት ነው፤ ከሥሩም ኮራል አለ። የናሚቢያው አትላንቲክ ግን ከደቡብ በሚመጣ ጅረት የተነሳ ብርድ ነው፤ ጠዋት ጠዋትም ጭጋግ ይወርድበታል። በፊልም ውስጥ ባሕር ሲገቡ ደስ ብሏቸው የሚስቁ ሰዎችን ስታዩ፣ ከካሜራው ጀርባ ብርድ ልብስ ይዞ የሚጠብቃቸው ሰው እንዳለ አስቡ። ማንኛውም የፊልም ሥራ ቦታ በውሃ ሲቀርጽ ይህን ያዘጋጃል።

እውነተኛውን «ፊልም» የሠሩት እነማን ናቸው?

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ከፊልሙ ይልቅ እውነተኛው ታሪክ የሚያስገርም ነውና።

አሩስ የሚባለው መንደር ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን ያለ የባሕር ዳርቻ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጣሊያኖች 15 ትንንሽ ቤቶች ሠርተውበት ነበር። መብራት፣ ውሃና መንገድ ስላልነበረው ግን ተዉት። የሞሳድ ሰዎች የስዊዘርላንድ ድርጅት ሠራተኞች ነን ብለው ከሱዳን የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ለሦስት ዓመት በ320,000 ዶላር ተከራዩት። ጄኔሬተር አስገቡ፣ ቤቶቹን አደሱ፣ በራሪ ማስታወቂያ አሳተሙ፣ ጎብኚ ጠሩ። ቱሪስቱም መጣ! በሸራ ተነድቶ ውሃ ላይ የሚንሸራተት ሰሌዳ አመጡ፣ ጠልቆ መዋኘት አስተማሩ። የዕለት ተዕለት ሥራውን የምትመራው አንዲት ሴት ነበረች። ከአካባቢው የተቀጠሩት የሱዳን ሠራተኞች፣ አሳላፊውም ሾፌሩም አልጋ አንጣፊዋም፣ ለማን እንደሚሠሩ አያውቁም ነበር። ምግብ አብሳዩን ከሌላ ሆቴል ያመጡት እጥፍ ደመወዝ ከፍለው ነው። (የሥራና የሸማች ገጽ ነንና ይህችን ሳንጠቅስ ብናልፍ አይሆንልንም፤ ለደመወዝ ብሎ የገባ ሰው ሳያውቀው የዚህ ሁሉ ታሪክ ተካፋይ ሆነ።) የጠላቂዎቹ ዕቃ ቤት ግን ለማንም አይከፈትም ነበር፤ ሬዲዮው የተደበቀው እዚያ ነው።

ካሜራ የሌለው የፊልም ሥራ ቦታ ማለት ይህ ነው። ልብሱ፣ ቤቱ፣ ፈገግታው ሁሉ ለማስመሰል የተዘጋጀ። ልዩነቱ አንድ ሰው ቢሳሳት «ድገሙት» የሚል ዳይሬክተር አለመኖሩ ነው። በመጋቢት 1982 በባሕር ዳርቻ ወታደሮች ሲተኩሱ የተኮሱት እውነተኛ ጥይት ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ከጀልባ ይልቅ በረሃ ላይ በሚያርፍ የጦር አውሮፕላን መጠቀም የተጀመረው።

ፊልሙ ይህን ሁሉ በሁለት ሰዓት ከሩብ አካባቢ ውስጥ ይጨርሳል። ስለዚህ ዓመታት ሳምንታት ይሆናሉ፤ ብዙ ሰዎች አንድ ሰው ይሆናሉ፤ ስሞችም ይቀየራሉ። «ከበደ» የተባለው ሰው መነሻው ፈረደ አክሉም እንደሆኑ ይታወቃል። መምህር ነበሩ፤ ከሱዳን መልእክት ልከው መንገዱን ካስከፈቱት ሰዎች ቀዳሚው ሲሆኑ በ2009 አርፈዋል። ልጆች «ከበደ የሚባል ሰው ነበረ ወይ?» ካሏችሁ፣ በዚያ ስም አልነበረም፣ ፈረደ አክሉም ግን ነበሩ በሏቸው። የኮሚቴ ሰዎችንም ጨምሩላቸው። በካምፑ ውስጥ ስም ጽፈው፣ የታመመውን ለይተው፣ በየሌሊቱ ማን ተራው እንደሆነ በጆሮ እየነገሩ ሰውን ያወጡትን። ከገዳሪፍ አካባቢ ካለው ካምፕ እስከ ባሕሩ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያንን መንገድ ያለ እነሱ የጀመረው የለም።

ፊልሙ ሲወጣ በብዙ ቦታ የተነቀፈውም በዚህ ነው፤ ነጮቹ ከፊት፣ የእኛዎቹ ከኋላ ሆኑ ተብሎ። ነቀፋው ትክክል ነው ብለን እናምናለን። ግን ከጀርባው ያለውን የገንዘብ ነገር ማወቅ ደግሞ ንዴቱን ወደ ማስተዋል ይለውጠዋል። እንዲህ ያለ ፊልም ገንዘብ የሚያገኘው በዋናው ተዋናይ ስም ነው። ገንዘቡን የሚያወጣው ሰው ስሙ የታወቀ ተዋናይ ካልተፈረመለት አያወጣም። ተዋናዩ ከተፈረመ ደግሞ ጽሑፉ እሱ ብዙ እንዲታይ ሆኖ ይጻፋል። ስለዚህ ማን ከፊት ይቆማል የሚለው ጥያቄ አንድም ካሜራ ሳይነሳ በፊት በውል ጠረጴዛ ላይ ተወስኗል።

አቧራ፣ ላብና ደም

አሁን ወደ እኛ ሙያ እንጠጋ። በስለላና በጦርነት ፊልም ላይ የምታዩት ላብ አብዛኛውን ጊዜ ግሊሰሪን በውሃ ተቀላቅሎ በመርጫ የሚረጭ ነው። ውሃ ብቻ ቢሆን በመብራቱ ሙቀት ቶሎ ይደርቃል፤ ግሊሰሪን ግን ፊት ላይ ይቆያል። ግሊሰሪን እኛ ለደረቀ ቆዳ የምናዝዘው ቅባት ውስጥ ያለው ያው ነው። ደሙ ከበቆሎ ሽሮፕና ከምግብ ቀለም ይሠራል፤ ይጣፍጣል፣ ዝንብም ይጠራል። የሚሰበረው የመስኮት መስታወት በድሮ ጊዜ ከስኳር ይሠራ ነበር፤ አሁን ቶሎ ከሚሰበር ፕላስቲክ ነው። የተሰነጠቀው ከንፈር ሰምና ዱቄት ነው። አቧራው እንደ ዱቄት የላመ ሸክላ አፈር ነው፤ ያም ቢሆን ሲደጋገም ለሳንባ አይበጅም፤ አስም ያለበት ሰው እንደዚህ ያለ ሥራ ሲሄድ መተንፈሻውን በኪሱ ይያዝ።

የስደተኛው ልብስ አዲስ ተሰፍቶ እንዲያረጅ ይደረጋል። ይህን ብቻ የሚሠሩ ሠራተኞች አሉ። በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጉታል፣ በሻይ ያቀልሙታል፣ ኪሱ እንዲንጠለጠል ድንጋይ ከተውበት ያሳድሩታል። ለአንድ ሸሚዝ ሦስትና አራት ተመሳሳይ ያዘጋጃሉ፤ አንዱ ለመቅደድ፣ አንዱ ለማርጠብ፣ አንዱ በእሱ ፈንታ ለሚወድቀው ሰው። ይህንን ለአንድ አባት ስንነግራቸው ሳቁና «እኛ አንዱን ልብስ አስረጅተን ሌላ አልነበረንም፤ እነሱ አራት አላቸው» አሉን።

ሕዝቡስ? በማያ ገጹ ላይ ሺህ ሰው ስታዩ ሺህ ሰው አልተቀጠረም። መቶ ሰው ይቆማል፣ ይቀረጻል፤ ወደ ሌላ ጎን ተዛውሮ ነጠላውን ለውጦ እንደገና ይቀረጻል፤ ከዚያ ኮምፒውተር ያገጣጥመዋል። ጨረቃዋም ብዙ ጊዜ በረጅም ክሬን ላይ የተሰቀለ መብራት ናት። እውነተኛው የሱዳን ሌሊት ግን ጨለማው ሊጠቅም ስለሚገባ ጨረቃ የሌለበት ሌሊት ይፈለግ ነበር። ካሜራ ጨለማን ማየት አይችልም፤ ስለዚህ ፊልሙ ያለ ብርሃን ያለፈውን ሌሊት ያበራዋል። እማማ ያላወቁት አሸዋውን ብቻ አይደለም፤ ሌሊቱንም ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ነካን። በፊልም የምትሰሙት የእግር ኮቴ ብዙ ጊዜ የሚራመዱት ሰዎች ኮቴ አይደለም። ቀረጻው ሲካሄድ ነፋስ አለ፣ ጄኔሬተር አለ፣ ዳይሬክተሩ ይጮኻል። ስለዚህ ፊልሙ ካለቀ በኋላ የድምፅ ባለሙያዎች በዝግ ክፍል ውስጥ ምስሉን እያዩ በሳጥን በተሞላ አሸዋ ላይ ይራመዳሉ። ሸክም የያዘች ሴት ከሆነች ባለሙያው ክብደት ይዞ ይራመዳል፤ ሕፃን ከሆነ በእጁ ጣት ይመታል። የጥይቱም ድምፅ፣ የልብስ መፋተጉም፣ የውሃ መቅዳቱም እንዲሁ በኋላ ይገባል። ይህ ሥራ በመጀመሪያ በሠራው በጃክ ፎሊ ስም ይጠራል። ያ ሁሉ ሕዝብ በአሸዋ ላይ ሲሄድ የሚሰማው ድምፅ ምናልባት የአንድ ወይም የሁለት ሰዎች ድምፅ ነው። ወላጆቻችን ግን በእውነተኛው መንገድ ድምፅ እንዳይሰማ ሕፃኑን አፉን ይዘው እንደሄዱ ነው የነገሩን።

የሚሮጠው ሰው ቁርጭምጭሚት

የስለላ ፊልም ያለ ሩጫና ያለ ዝላይ አይሆንም። የሚዘለው ብዙ ጊዜ ተዋናዩ ሳይሆን ስታንት የሚባለው ባለሙያ ነው። ከልብሱ በታች ጉልበቱ፣ ክርኑና ጀርባው በስፖንጅ ተሸፍኗል። የሚወድቅበት ቦታ አሸዋው ተቆፍሮ ለስላሳ ነገር ተቀብሮበታል። ድብድቡን ለሳምንታት እንደ እስክስታ በዝግታ ይለማመዱታል፤ ማን በስንተኛው ቆጠራ ይመታል፣ ማን ይወድቃል የሚለው ሁሉ የታወቀ ነው። ጠመንጃው እርሳስ በሌለው ባሩድ ይተኮሳል፤ ያም ቢሆን በቅርብ ርቀት ያቃጥላል፣ ይገድላልም። በጥቅምት 2021 አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ «ረስት» የተባለ ፊልም ሲቀረጽ እውነተኛ ጥይት መሣሪያው ውስጥ ተገኝቶ የካሜራ ባለሙያዋ ሃሊና ሃቺንስ ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ፊልም ሠሪዎች በመጫወቻ መሣሪያ ይቀርጹና እሳቱን በኮምፒውተር ይጨምሩበታል።

ይህኛው ፊልም በአፍሪካ ሲቀረጽ በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ «ሚሽን ኢምፖሲብል፦ ፎልአውት» የተባለ ሌላ የስለላ ፊልም ይቀረጽ ነበር። ዋናው ተዋናይ ቶም ክሩዝ ስታንቱን ራሱ ካልሠራሁ የሚል ሰው ነው። በነሐሴ 2017 ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ሲዘል እግሩ ግድግዳውን መታና ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። በገመድ ታስሮ ስለነበር አልወደቀም። ተነሣ፣ እያነከሰ ካሜራውን አልፎ ሮጠ፤ ያ ቅጂ ፊልሙ ውስጥ ገብቷል፣ ዛሬም ይታያል። ቀረጻው ለሁለት ወር ገደማ ቆመ።

እንደ ነርስ ይህን ስናይ የሚመጣብን ሐሳብ አንድ ነው። የዚያ ሰው ቁርጭምጭሚት ሲሰበር ሐኪም ነበረ፣ መድን ነበረ፣ ሥራውም ጠበቀው። ከኋላው የሚሮጠው ሰው ቁርጭምጭሚት ቢሰበርስ?

ከኋላ የሚሮጡት

አንድ ወጣት በቅርቡ እግሩ አብጦ ወደ እኛ መጣ። ከሦስት ቀን በፊት ለአንድ ቀን ኒጻቭ ሆኖ ተቀጥሮ ነበር፤ ኒጻቭ ማለት ከኋላ የሚታየው አጃቢ ነው። ቁልቁለት ላይ እንዲሮጥ ተነገረው፤ ሮጠ። «ድገሙት» ተባለ፤ አምስት ጊዜ ሮጠ። በአምስተኛው እግሩ ድንጋይ ላይ ታጠፈ። አንድ ሰው በረዶ ሰጠው፣ ማምሻውን ወደ ቤቱ ሄደ። ወረቀት አልተሰጠውም፤ እሱም አልጠየቀም። «አንድ ቀን ብቻ ስለሠራሁ ሠራተኛ አይደለሁም ብዬ ነው» አለን።

ወላጆች፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ። አንድ ቀን የሠራም ቢሆን ተቀጥሮ የሠራ ሰው ሥራ ላይ ከተጎዳ የሥራ ጉዳተኛ ነው። ቀጣሪው ቅጽ 250 የሚባለውን ሞልቶ ይሰጠዋል። ያንን ይዞ ወደ ኩፓት ሖሊም ሲሄድ ሕክምናው እንደ ሥራ ጉዳት ይያዝለታል፤ ከሥራ ለቀረበት ቀን ደግሞ ለቢቱአሕ ለኡሚ ያመለክታል። ቀጣሪው አልሰጥም ቢል እንኳ ዝም ብሎ መቅረት የለበትም፤ በአቅራቢያው ወዳለው የቢቱአሕ ለኡሚ ቅርንጫፍ ሄዶ ይጠይቅ። ሐኪሙም ዘንድ ሲገባ መጀመሪያ የሚናገረው «ሥራ ላይ ነው የተጎዳሁት» የሚለውን ይሁን፤ በመዝገቡ ላይ ይጻፍለታል። ከሳምንት በኋላ ከማስታወስ የመጀመሪያው ቀን ጽሑፍ ይሻላል።

ስለ ቁርጭምጭሚት ደግሞ በቤት የምታውቁት ምልክት ይኑራችሁ። የተጎዳው ሰው በእግሩ ቆሞ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ወይም በቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ያለው የአጥንት ጉብታ ሲነካ በጣም ካመመው ራጅ ያስፈልገዋል። «ያልፍልኛል» ተብሎ በቅቤ ማሸት ለተሰበረ አጥንት አይሆንም። ወጣቱ አጥንቱ አልተሰበረም ነበር፤ ጅማቱ ግን ክፉኛ ተጎድቷል፤ ስድስት ሳምንት አነከሰ። ያገኘው የአንድ ቀን ክፍያ ነበር።

ይህን የምንለው ልጆቻችሁን ከፊልም ሥራ እንድታግዷቸው አይደለም። ሥራው ጥሩ ሥራ ነው፤ የሚያስፈልገውም ተዋናይ ብቻ አይደለም። ኤሌክትሪሲያን፣ ሾፌር፣ አናጢ፣ ልብስ ሰፊ፣ ምግብ አቅራቢ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሰጪ ሁሉ ይቀጠራሉ። ፊልሙ ሲያልቅ ስማቸው የሚያልፈው እነሱ ናቸው፤ እኛ ግን ያን ጊዜ ቴሌቪዥኑን እናጠፋለን። ልጃችሁ በዚህ ሥራ ልግባ ሲል፣ ሥራው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ለሰዓቱ ስንት እንደሚከፈል፣ ትሉሽ እንደሚሰጥ፣ ውሃና ጥላ እንዳለ፣ ሐኪም ወይም ሆቬሽ በቦታው እንደሚገኝ አስቀድሞ ይጠይቅ። ሥራ እንሰጥሃለን ብሎ አስቀድሞ የመመዝገቢያ ወይም የፎቶ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመው ወደ ኋላ ይበል። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ ያለ ሥራ ሚኒስቴር ፈቃድ ፊልም ላይ መሥራት አይችልም፤ ፈቃዱን ማየት የወላጅ መብት ነው።

ለሽማግሌዎች አንድ የተለየ ነገር አለን። ስለ እኛ ጉዞ የሚሠራ ፊልም ሲመጣ ነጭ ጸጉር ያለው፣ አማርኛ ወይም ትግርኛ የሚናገር ሰው ይፈለጋል። ክብር ነው፤ ጥቂት ገንዘብም ነው። ነገር ግን ከመሄዳችሁ በፊት «የቱን ትዕይንት ነው የምሠራው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀብር ነው? ካምፕ ነው? ወታደር የሚጮህበት ነው? ካሜራው «ድገሙት» ሲል ያንን አምስት ጊዜ ነው የምታልፉት። ወጣቱ እግሩ አበጠ፤ የእናንተ ደግሞ የሚጎዳው በራጅ አይታይም። በሱዳን መንገድ አራት ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ይነገራል። ከእነዚያ መካከል የእናንተ ሰው ካለበት «ይህን አልሠራም» ማለት ነውር አይደለም። ማንም ጨዋ ፊልም ሠሪ ይረዳል።

እማማን ያን ዕለት መድኃኒታቸውን አልለወጥንባቸውም። ፊልሙን ማታ ብቻቸውን እንዳያዩ፣ ከፈለጉ በቀን፣ ከልጅ ልጃቸው ጋር፣ ሲከብዳቸው እያስቆሙ እንዲያዩት ነገርናቸው። ሐሳባቸውን የሚያካፍሉት ሰው ቢፈልጉም በኩፓት ሖሊሙ አማርኛ የሚናገር ባለሙያ እንዳለ ጠቆምናቸው። ላቡ ግሊሰሪን፣ ደሙ ሽሮፕ መሆኑንም ነገርናቸው፤ «ታዲያ ይኼ ልጅ ለምን አልነገረኝም?» ብለው ተቆጡ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። ማሽኑ 142 በ84 አሳየ። ልጁ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ ስልኩን በእጁ ይዟል። «ሳፍታ በየደቂቃው አቁመው ትለኛለች» አለን። ባስቆመ ቁጥር እሳቸው ይናገራሉ፤ ውሃ በምን እንደያዙ፣ ቀን የት እንደተደበቁ፣ ማን ማንን እንዳዘለ። እሱ በስልኩ ድምፃቸውን ይቀዳል። ሁለት ሰዓት ከምናምን የሚሆነውን ፊልም ማየት ከጀመሩ አንድ ሳምንት ሆኗቸዋል።

«የት ደረሳችሁ?» አልነው።

«ገና ነን» አለ። «ባሕሩ ጋ እንኳ አልደረስንም።»